ኩብራ ሁለቴ የወጣችው አቀበት

ኩብራ በአልዩ አምባ ገበያ ጥጥ ትነግድ ነበር። ጣሊያን በገባ በዓመቱ ባሏ ረሺድ በቅሎውን ሸጦ ጠመንጃ ገዛና ከአርበኞች ጋር በረሃ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኑን አላየችም።

ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ አንገቷ ላይ የነበረው እንቅርት አድጎ ትንፋሽ ከለከላት። ጎረቤቶቿ በቃሬዛ የአንኮበርን አቀበት አውጥተው ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት አደረሷት። ጣሊያኑ ሐኪም ቀዶ አወጣላትና በአስተርጓሚው በወልደአረጋይ በኩል፣ «ሃያ ቀን ትተኛለች» አለ።

በስምንተኛው ቀን የባሏ እህት አሲያ ልትጠይቃት መጣች። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «ረሺድ ለጁምዓ ቤቱን ሊያይ ብቅ ይላል አሉ» አለቻት።

ኩብራ ሻሿን በስፌቱ ላይ ጠምጥማ ተነሣች። ወልደአረጋይ በር ላይ አገኛት።

«እኅቴ፣ ቁስልሽ ገና ጥሬ ነው፤ ምን አስቸኮለሽ?»

«ቤቴ ናፈቀኝ» አለችው።

ሐሙስ አልዩ አምባ ገባች። ቤቱን ጠረገች፤ የረሺድን ቁርበት አራግፋ አነጠፈች። ጁምዓ ሲነጋ ግን አንገቷ አብጦ ከአገጯ ገጥሞ፣ ሰውነቷ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር።

«እስከ ማታ ብቻ ተዉኝ» አለች።

«መጥቶ ሬሳሽን ይይ?» አለች አሲያ፣ እንባዋን እየጠረገች። ጎረቤት ጠራችና ያችኑ ቃሬዛ አነሡ፤ እሷ ቤት ቀረች። ኩብራ አቀበቱን እስኪጨርሱ ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ እንዳዞረች ነበር።

ሐኪሙ ተቆጣ፤ ቢቆጣም ቁስሉን ከፍቶ መግሉን አወጣላት። ሁለት ወር ተኛች። ስትመለስ ቁርበቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት ምልክት እንኳ አልነበረም። አሲያን ብትጠይቃት፣ «መጥቶ ነበር፤ ውሃ ጠጥቶ ወጣ» ብቻ አለቻት።

በ፲፱፻፴፫ ጣሊያን ሲወጣ ረሺድ ጢሙ ሸብቶ መጣ። ኩብራ እግሩን እያጠበች፣

«ያን ጁምዓ ውሃ ጠጥተህ የት ሄድክ?» አለችው።

«ተከተልኩሽ። ከአንኮበር በታች ቃሬዛውን ከሩቅ አየሁት፤ አንቺን ግን አላየሁም። ከፊቴ የጣሊያን ኬላ ነበረ» አላት።

ኩብራ የያዘችውን እግር ሳትለቅ ብዙ ቆየች። ውሃውም ቀዘቀዘ።