አባቴ ያልጠጣው ሳማ

ጎረቤት ሳማ ሲቀቅል ሽታው አጥሩን ተሻግሮ በመጣ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ቅጠሉ ምን በወጣው፤ የምናደደው በአክስቴና በራሴ ነው።

ነቀምቴ ላይ ግንቦት ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር የአባቴ ሪህ ይነሳ ነበር። የእግሩ አውራ ጣት አብጦና ቀልቶ፣ ጫማ ማድረግ አቅቶት፣ ተማሪዎቹ ያለ አስተማሪ ይውሉ ነበር። ታላቅ እህቱ፣ አዳዳ የምላት አክስቴ ጫልቱ፣ ያን ጊዜ ጉበትና ኩላሊት አንጠልጥላ ከዲጋ ትመጣና፣ አጥንት ይጠግናል ከሚባለው የአንጮቴ ሥር ጋር በቅቤ አርሳ ታቀርብለት ነበር። በእኛ ቤት የታመመ ሰው የሚከበረው በሥጋ ነው፤ ጎመን ያቀረበለት እንደናቀው ይቆጠራል።

ከአጥሩ ማዶ እትዬ ዘይነባ ይኖሩ ነበር፤ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ፣ ኋላም ወደ ከተማ የገቡ ሴት ናቸው። አንድ ቀን የሳማ ቅቅል በድስት ይዘው መጡና፣ «መምህር፣ ባለቤቴንም ይኸው ነበር ያሰቃየው። ጉበቱን ይተዉትና ይኸን ውሃ ይጠጡ» አሉት። አባቴ አመስግኖ ተቀበለ። እሳቸው እንደወጡ አክስቴ ድስቱን ጓሮ ወስዳ ደፋችው።

«በረሃብ የበሉትን ቅጠል ነው ለወንድሜ?»

አባቴ ታላቁን መናገር ነውር ሆኖበት የቀረበለትን ጉበት መብላቱን ቀጠለ። እኔን ደግሞ፣ «ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ድስቱን መልሺና ጠጥቶታል በያት» አለችኝ፤ ሄጄ አልኩ። እትዬ ዘይነባ እጃቸው በሳማ እየተለበለበ ሲቀቅሉ፣ አክስቴ ስትደፋ፣ እኔ ስዋሽ ክረምቱ አለፈ።

መስቀል ደርሶ በሬ ታርዶ፣ አባቴ የቀረበለትን ሁሉ በልቶ፣ በማግስቱ ጉልበቱም አበጠ። እትዬ ዘይነባ ሊጠይቁት መጥተው እግሩን ሲያዩ ክው አሉ።

«ወይኔ መምህር፣ እኔ ባጠጣሁዎት ይሆን የባሰብዎት?»

አክስቴ ጣራ ጣራውን አየች። አባቴ አቀረቀረ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አፌን አልከፈትኩም። ከዚያ ቀን ወዲያ ሳማ አላመጡም፤ አባቴም በጋው ሳይወጣ በምርኩዝ እንኳ ክፍል መድረስ አቅቶት ማስተማሩን ተወ።

ዛሬ ያቺው አክስቴ ጉልበቷን ሲያማት በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥ የሳማ ዱቄት ገዝታ ትጠጣለች፣ ለሰውም ታዛለች። ሐኪም ጠይቄ ነበር፤ በአንዳንድ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ሪህ የሚያመጣውን ዩሪክ አሲድ ዝቅ ለማድረግ ይረዱ ይሆናል፣ ገና ግን በደንብ አልተረጋገጠም፣ ጉበትና ኩላሊት መብላት እንደሚያባብሰው ግን የታወቀ ነው አለኝ። ሳማው አባቴን ያድነው ነበር አልልም። ጉበቱን ይተዉት ያሉት ግን እውነት ነበር፤ እውነታቸውን ከቅጠሉ ጋር ደፋነው።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ የታዘዝኩትን አልኩ። አሁን ጸጉሬ ገብስማ ሆኗል፣ የሚያዘኝም የለም። እትዬ ዘይነባ አርጅተው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ «ያን ደግ መምህር እኔ ነኝ የጎዳሁት» ሲሉኝ፣ «ኧረ እርስዎ አይደሉም» ብዬ አልፋለሁ እንጂ፣ አንዲት ጉንጭ እንኳ እንዳልቀመሰ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።