ያልተሟላ አድራሻ

የሺወርቅ ቤት ቀይራለች፤ ሰፈርም ቀይራለች። ካዛንቺስ የነበረው የቀበሌ ቤቷ ሲፈርስ የስፌት መኪናዋንና ፍራሿን በአይሱዙ አስጭና ሰበታ ወረደች፤ ኦቦ ደቻሳ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ መኖር ጀመረች። የስልክ ቁጥሯን ግን ቀይራ አታውቅም። ልጇ ዕድላዊት ከቤይሩት የምትደውለው በዚያ ቁጥር ነበር።

ዕድላዊት መደወል ካቆመች ቆይታለች። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለች ዕለት አሠሪዎቿን ልትለቅ እንደሆነ በሹክሹክታ ነገረቻት። «እቃ አዘጋጅቼልሻለሁ እማ፤ ወደ አገር የሚገባ ሰው ሳገኝ እልክልሻለሁ» ብላ ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይጠራም። ቤቱ የፈረሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ዕድላዊት የምታውቀው በር አሁን የለም፤ በቦታው ሰፊ መንገድ ያልፋል። አንዳንዴ የሺወርቅ ልጇ የጠፋች ሳይሆን እሷ ራሷ ከልጇ የጠፋች ይመስላታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሳለ ስልኳ ጮኸ። መነጽሯን አስተካክላ አነበበች።

«ውድ ደንበኛችን፣ በስምዎ ከውጭ የመጣ ጥቅል ደርሷል። አድራሻዎ ስላልተሟላ ማድረስ አልቻልንም። ዛሬ ካላረጋገጡ ወደ ላኪው ይመለሳል።» ከሥሩ የሚደወልበት ቁጥር አለ።

የቤት ቁጥር ያለው ሰው ቢሆን ምናልባት ይጠራጠር ነበር። እሷ ምን ብላ ትጠራጠር? ያለችበት መንደር የመንገድ ስም የለውም፤ ለቤቶቹም ገና ቁጥር አልወጣላቸውም። ሰው የሚያገኛት «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ኦቦ ደቻሳ ግቢ ብለህ ጠይቅ» ስትለው ነው። አድራሻዋ እንዳልተሟላ እውነት ነው፤ ይሄ እውነት ከሆነ የቀረውም እውነት መሰላት። ያስደነገጣት «ይመለሳል» የሚለው ነው። የላከችው ተመልሶ ሲደርሳት ልጄ ምን ትላለች? እናቴ ሞታለች ትላለች።

ደወለች። ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት አነሳ።

«ከዕድላዊት ነው?» አለችው፣ ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም።

«አዎ እናቴ፣ ከዕድላዊት ነው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወጣቱ የቀረጥ ክፍያውን በስልክ እንድትልክ፣ ከዚያም በመልእክት የሚደርሳትን የሚስጥር ቁጥር እንድታነብለት በትህትና አስረዳት። በስልክ ገንዘብ መላክ አትችልበትም። «የሚያውቅ ሰው እስክጠራ ነው ልጄ፣ እባካችሁ እንዳትመልሱት» ብላ ለመነችው።

ጎረቤቷ በሪሁን ግቢው ውስጥ ሞተሩን እያጠበ ነበር። ሥራው ሰዎች ከሱቅ ያዘዙትን እቃ በሞተር ማድረስ ነው።

«በሪሁንዬ፣ ና እስቲ ይቺን የቀረጥ ብር ላክልኝ። ዕድላዊት እቃ ልካልኛለች።»

እንዲህ ያለ ፈገግታ ፊቷ ላይ አይቶ አያውቅም። እጁን በሱሪው አደራርቆ ስልኩን ተቀበለና መልእክቱን አነበበ።

«እትዬ የሺ፣ እኔ እቃ ሳደርስ እንዴት ነው የማደርገው?»

«እኔ ምን አውቄ? ትደውላለህ፣ የት ናችሁ ትላለህ፣ ትጠፋለህ፣ ደግመህ ትደውላለህ።»

«መጥፋቴንስ ባያነሱት» አለ ፈገግ ብሎ። «ግን ስደውል እቃው ከማን እንደሆነ ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ። እዚህ ላይ የላኪው ስም የታለ?»

«በስልክ ነገረኝ እኮ። ከዕድላዊት ነው አለኝ።»

«ስሟን ቀድሞ ያነሳው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች የሺወርቅ። «እኔ ጠየቅኩት።»

በሪሁን የራሱን ስልክ አወጣ። በመልእክቱ ላይ ወዳለው ቁጥር ደውሎ እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ሄሎ፣ ጥቅል መጥቶልሃል የሚል መልእክት ደርሶኝ ነበር። ከሚንሃ ይሆን እንዴ?»

«አዎ ወንድሜ፣ ከሚንሃ ነው። አድራሻህ ስላልተሟላ ነው።»

ያው ድምፅ ነው። ልስላሴው እንኳን አልተለወጠም። በሪሁን ስልኩን ዘጋ።

«ሚንሃ ማን ናት?» አለች የሺወርቅ።

«ማንም አይደለችም። አፌ ላይ የመጣውን ስም ነው የጠራሁት።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ነገራት። ገንዘቡን እንዳትልክ፣ በመልእክቱ ላይ ያለውን ምንም ነገር እንዳትነካ፣ የሚስጥር ቁጥሩን የሰጠች ዕለት ስልኳ ላይ ያላትን ሁሉ ጠራርገው እንደሚሄዱ። «እንኳን ቀድመው ጠሩኝ» አለ። ማመስገን እንዳለባት ታውቃለች፤ የምታስበው ግን ሌላ ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ልጇ በሕይወት ነበረች፣ እቃ ገዝታ፣ ጠቅልላ፣ የእናቷን ስም ጽፋበት ነበር።

«እቃ እንደምጠብቅ ግን በምን አወቁ?»

«አያውቁም እትዬ የሺ። ለስንቱ ነው የሚልኩት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የሚጠብቅ አይጠፋም።»

«አይጠፋም» አለች።

በሪሁን ወደ ሞተሩ ሲመለስ ቴሌግራሟን ከፈተች። ለዕድላዊት ብዙ ጊዜ ጽፋላታለች፤ ሁሉም «የት ነሽ» የሚል ነው። እሷ የት እንዳለች ግን አንድም ቀን አልጻፈችላትም። ልጇን ሆድ ላለማስባስ ብላ የቤቱን መፍረስ ደብቃት ነበር። አሁን ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች ጻፈች።

«እማ ነኝ። ካዛንቺስ የለሁም፤ ቤቱ ፈርሷል። ሰበታ ነኝ። በጂማ መንገድ መጥተሽ ወፍጮ ቤቱ ጋ ውረጂ። ከጀርባው ኦቦ ደቻሳ ግቢ ብለሽ ጠይቂ፣ ሁሉም ያውቃል። በሩ ሰማያዊ ነው። ምንም አትያዢ፣ ባዶ እጅሽን ነይ።»

ላከችው። ከጽሑፉ ሥር አንዲት ምልክት ወጣች፤ መነበቡን የምትነግረው ሁለተኛዋ ግን አልተከተለችም። ስልኩን የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይኗ ሊያርፍበት በሚችል ቦታ አስቀምጣ ፔዳሉን መርገጥ ጀመረች።