በግድግዳው በኩል ያለው ዐይን

እጄን ደጋግሜ በሳሙና ታጠብኩ፤ የተልባ ዘይቱ ሽታ ግን አልለቅሽም ብሎኛል። ትልቁን ሥዕል የጨረስኩት ትናንት ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ፣ በሰው የተሞላ። ብሩሼን አስቀመጥኩ፣ ወደ ኋላ ሸሸት አልኩና «ጎሽ የኔ ልጅ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለራሴው። ምን ላድርግ? እንዲህ ይሉኝ የነበሩት ሰው የሉም። ይኸው ሽታ ወደ እሳቸው ይዞኝ ሄደ፣ ወደ መጀመሪያው ትልቅ ሥዕሌ። ስማኝማ፣ ልንገርህ።

አባቴ እዚሁ ላሊበላ መሪጌታ ነበሩ። ዜማ ሲያነሡ ዐለቱ ራሱ የሚቀበላቸው ይመስለኝ ነበር። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ግራ ዐይናቸውን አጥፍቶባቸዋል፤ ብሌኑን ነጭ ነገር ጋርዶት ቀርቷል። ያችን ዐይን ሰው እንዳያይባቸው ያላደረጉት የለም። ማኅሌት ሲቆሙ ግራቸውን ለምሰሶው ይሰጣሉ፤ መንገድ ሲሄዱ ነጠላቸውን በዚያ በኩል ከፍ ያደርጋሉ። ቤት ውስጥም መቀመጫቸው የታወቀ ነው፤ ግራቸው ወደ ግድግዳው። በእሳቸውና በግድግዳው መሃል ባለችው ጠባብ ቦታ ደግሞ እናቴ በርጩማዋን ሸጉጣ ትቀመጥ ነበር። እንግዳ «ምነው ከጥግ? ወዲህ ሰፊ ቦታ አለ» ሲላት «እዚህ ይሞቀኛል» ትላለች። እኛ ልጆች የምናውቀው የቀኙን አባታችንን ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ አባቴን በከሰል የጓሮ ግድግዳ ላይ ሣልኳቸው። ከጎናቸው፣ በአንድ ዐይን። ሌላ መልካቸውን ከየት ላምጣው? ጥምጣሙ፣ አፍንጫው፣ ጺሙ፣ ቁርጥ እሳቸውን! ደስታው ልቤን ሊያፈነዳው ደርሶ ነበር። የዚያን ዕለት ከኮን ከተማ የመጣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እኛ ቤት አርፎ ነበርና ሥዕሉን ሲያይ በሳቅ ፈረሰ። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ከነይሁዳ ጋር መደብሻቸው እኮ!» አለኝ። ለካ በኛ አገር ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዐይኑ ሙሉ ሆኖ ፊት ለፊት ነው የሚያየው፤ ከጎኑ፣ በአንድ ዐይን የሚሣለው ሰይጣንና ኃጥእ ነው። ይህን ሲያስረዳኝ አባቴ ከኋላዬ ቆመው ይሰሙ ነበር። አባቴ አልተቆጡም። ነጠላቸውን ወደ ግራ ከፍ እያደረጉ «ልጅቱ ያየችውን ነው የሣለችው» ብለው ወደ ቤት ገቡ። ድምፃቸው ግን ያ ዐለት የሚቀበለው ድምፅ አልነበረም። ያን ቀን ለራሴ ማልኩ፤ አድጌ አባቴን ከጻድቃኑ ወገን፣ በሁለት ዐይን እሥላቸዋለሁ አልኩ።

አድጌ አዲስ አበባ ሥዕል ተማርኩና ተመለስኩ። ለከተማችን አዳራሽ ትልቅ ሥዕል ሥሪ ተባልኩ፤ የገና ማለዳን። ነጭ የለበሱ ካህናት ማሜ ጋራ በሚባለው የዐለት አፋፍ ላይ ተሰልፈው፣ ሌሎቹ ከታች ሆነው፣ እየተቀባበሉ ሲያሸበሽቡ። ሸራውን በአንድ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ወጠርኩት። የገብሱ ሽታ ከተልባ ዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን አቧራውን እያሳየ፣ ቤቱ ደስ ይል ነበር። ወሬው ተሰማና ካህናቱ እየተፈራረቁ መጡ። መስቀል ካሳለሙኝ በኋላ ጠጋ ብለው «የኔ ዐይን… ሁለቱም አሉ አይደል?» ይሉኛል በሹክሹክታ። «አሉ አባቴ፣ ኧረ ሁለቱም!» ስላቸው መርቀውኝ ይሄዳሉ። እኔም እስቃለሁ።

አባቴን ከመሃል አቆምኳቸው፤ መቋሚያቸውን ይዘው። ለመልካቸው ጠርቻቸው መጡና ጆንያ ላይ ተቀመጡ፤ እንደ ልማዳቸው ግራቸውን ለግድግዳው ሰጥተው።

«አባቴ፣ እስቲ ወደኔ ዞር ይበሉልኝ።»

«ከዚህ ወዲያ ፊት የለኝም» አሉና ተነሥተው ሄዱ።

የገና በዓል ተቃረበ። ሰው ሁሉ አለቀ፤ በእኛ ሥራ ዐይን መጨረሻ ነውና የሁሉንም ዐይን ከፈትኩ። አባቴ ብቻ ያለ ዐይን ቀሩ። እህቴ መጥታ «ጤነኛ ዐይን ሥሪላቸውና ተገላገይ» አለችኝ። የሌላ ሰው ዐይን በአባቴ ፊት ላይ? ከጎናቸውማ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሥላቸውም። ሥዕሉ ሳያልቅ ሊቀርብኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የመጋዘኑ በር ሲጥ አለ፤ ከዚያ የመቋሚያ ኮቴ። አባቴ ናቸው። የባልንጀሮቻቸውን ስም አንድ በአንድ በከንፈራቸው እየጠሩ ሥዕሉን ተመለከቱና መሃል ላይ ቆሙ።

«ይኼ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ዐይኑስ?»

«እርስዎን እየጠበቀ ነው።»

«ደግሞ ከነይሁዳ ጋር ልትመድቢኝ ነው?» አሉ። ልቤ ተሰበረ። ያ ከሰል ያን ሁሉ ዘመን ከውስጣቸው አልጠፋም ነበር ለካ! «ያኔ ያየሁትን ነው የሣልኩት፤ ዛሬም ያላሳዩኝን አልሥልም» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ጆንያው ላይ ተቀመጡና ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ወደኔ ቀና አሉ። አባቴን ሙሉ ፊታቸውን ሳይ ያ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነበር። ዐይኑ ነጭ ብቻ አልነበረም፤ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ነገር አለው። ያምራል እኮ! ይኼን ነው የደበቁን?

«እንዳለ ሥሪው» አሉ። «ውሸት እንዳትጨምሪበት።»

ብሩሼን አነሣሁ። እንደዚያ ቀን ሥዬ አላውቅም፤ ትናንትም ቢሆን። ኩራት ነው ካልክ፣ አዎ፣ ኩራት ነው። ስጨርስ ተነሥተው ተጠጉና ጣታቸውን ቀለሙን ሳያስነኩ ከዐይን ወደ ዐይን ወሰዱት። «አንድ… ሁለት» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «ጎሽ የኔ ልጅ!» በዚያ ገና ማሜ ጋራ ላይ ፊታቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ነው የቆሙት፤ ነጠላቸውም ትከሻቸው ላይ ነበር።

ጥቂት ዓመታት ቆይተው ዐረፉ። ለለቅሶው ፎቶ ስንፈልግ ሁሉም ከጎናቸው የተነሣ ሆነ፤ መታወቂያቸው ላይ እንኳ አንገታቸውን ጠመም አድርገዋል። እህቴ አዳራሹ ሄዳ ከሥዕሉ ላይ መልካቸውን በስልኳ አንሥታ አሳተመችው። ከኩልመስክ ድረስ የመጣው ለቀስተኛ ደረቱን የመታው በዚያ ፎቶ ፊት ነው።

ሰው ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል እናቴ ፎቶውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ግራ ዐይናቸውን ስታይ የምትደነግጥ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ጣቷን እዚያው ነጩ ዐይን ላይ አሳርፋ በቀስታ ዳበሰችው።

«እኔ በዚህ በኩል ነበርኩ» አለች።