የአቶ እንደሻው ፋኖስ

አቶ እንደሻው ፓርቲ የቀየሩ ዕለት ወሬው ቀድሟቸው ሸዋ በር ገበያ ደረሰ። ቲማቲም የምትሸጠው ነጂባ ገና ከሩቅ ስታያቸው ሳቋ አመለጣት።

«ወላሂ አቶ እንደሻው፣ ዛሬስ የትኛው ፓርቲ ቤት አደሩ?»

ገበያው ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ ሆዳቸው ግን አልሳቀም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው፣ አምስት ዓመት ምልክቱ ፋኖስ በሆነው ፓርቲ ስም ምክር ቤት ተቀምጠው፣ በስተርጅና «ተገለባባጭ» መባል ያማል። የሰፈራቸውን የውኃ ቧንቧ ነገር በስብሰባ ሦስት ጊዜ አንስተው፣ ሦስቱንም ጊዜ «አጀንዳ አልተያዘም» ተባሉ። በአራተኛው ኮታቸውን ደረቡና ምልክቱ ጃንጥላ ወደሆነው ፓርቲ ሄዱ።

እንቅልፍ የነሳቸው አንድ ነገር ነበር፤ የሚኖሩበት የአቦከር ሰፈር ጎረቤቶቻቸው ከእንግዲህ «የኛ ሰው» ይሏቸው ይሆን? ከሐፍረት ብዛት ለዘንድሮው ምርጫ ሲወዳደሩ ቤት ለቤት መዞሩን ትተው ጃንጥላ ተስሎበት ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ብቻ ተማመኑ።

የምርጫው ዕለት የሰፈሩ እድር እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው በጠዋት ተሰለፉ። ከፊት የቆሙት እማማ ብርነሽ ነበሩ፤ ፊደል ያልቆጠሩ፣ የተነገራቸውን ግን የማይረሱ የሰባ ስምንት ዓመት አዛውንት። ድምፃቸውን ሰጥተው ሲመለሱ አቶ እንደሻውን መንገድ ላይ አገኟቸውና ቀለም የነካ ጣታቸውን ከፍ አደረጉ።

«እንደሻው ልጄ፣ አደራህን አልበላሁም። ፋኖሱ ላይ ነው ያሳረፍኩት!»

አቶ እንደሻው ክው አሉ። ባለፈው ምርጫ ፋኖስ በካርቶን ስለው፣ «እኔን የሚፈልግ ይቺን አይርሳ» እያሉ፣ እንደ ክፍል ተማሪ እያስደገሙ ያስጠኑት ራሳቸው ናቸዋ!

«ሌሎቹስ እማማ?»

«ሁሉም ለአንተ! አንዷ ምልክቱ ጠፍቷት ስትጨነቅ፣ እኔ ነኝ ሰልፍ ላይ ፋኖስ ነው ብዬ ያስታወስኳት።»

አቶ እንደሻው በአርባ አንድ ድምፅ ተሸነፉ። የእድሩ እናቶች ደግሞ ሃምሳ ሦስት ናቸው። ያሸነፈው የፋኖሱ ዕጩ ሽመልስ የቀድሞ ተማሪያቸው ነበርና ሊያጽናናቸው ቤታቸው ቢመጣ፣ የሳቅ እንባቸውን ሲጠርጉ አገኛቸው። ቧንቧውን አጀንዳ ለማስያዝ ቃል አስገቡት።

ቃሉን ሰጥቶ ሳይጨርስ እማማ ብርነሽ እያለከለኩ ገቡ።

«ድምፃችንን ማን ወሰደብን?»

«ይሄ ልጅ ነው እማማ» አሉ አቶ እንደሻው ሽመልስን እያሳዩ። «ግን በድምፃችሁ ውኃውን ሊያመጣ ምሏል።»

እማማ ብርነሽ ሽመልስን ከእግር እስከ ራሱ ገረመሙት።

«ባያመጣ ዋ! በሚቀጥለው እንደሻውን ነው የምንመርጠው። ፋኖሱን እንደሁ አልረሳውም!»

ሽመልስ አፉን ሊከፍት ሲል አቶ እንደሻው ጉልበቱን ነካ አደረጉት። ፋኖሱ የሽመልስ ነው ብለው እንዴት ይንገሯቸው? አደራ ጠበቅሁ የሚለውን ኩራታቸውን መቀማት ነው።

በማግሥቱ ሸዋ በር ሲደርሱ ነጂባ አልሳቀችም።

«በመሸነፍዎ አዘንኩ አቶ እንደሻው።»

«ማን ተሸነፈ? የሰፈሬ እናቶች በሙሉ እኮ እኔን ነው የመረጡት» አሉና ቲማቲማቸውን አስመዘኑ።