በሩ ለማን ተዘጋ?

ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ቦንጋ ውስጥ የታሪክ መምህር ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለበለጸገችው አሜሪካ፣ ስለ አዳዲሶቹ ቤቶችና መኪኖች ሲያስተምሩ ሁልጊዜ "በሩ ለማን ተዘጋ?" ይሉ ነበር። ጥቁሩ ወታደር ተዋግቶ ሲመለስ በነዚያ አዳዲስ ሰፈሮች ቤት አይሸጥለትም ነበርና።

አንድ ቀን በአካባቢያችን እንደ ዝቅተኛ ተቆጥረው ስለሚገለሉት ማንጆዎች አንስተው "እኛስ ማንጆ ጎረቤቶቻችንን መቼ ቤት አስገባን?" ቢሉ፣ በየስብሰባው ስለ ብሔረሰቦች እኩልነት የሚደሰኩረው ርዕሰ መምህር ከማስተማር አገዳቸው። ቁጭታቸውን ይዘው ሞቱ።

ርዕሰ መምህሩ ተዝካራቸው ላይ ሳያፍር መጣ። በጋሼ ወንበር ማንጆው ወዳጃቸው ተቀምጠው ሲያይ ደጃፉ ላይ ቆመና "ይሄን ሰውዬ አስነሳልኝ" አለኝ።

የርዕሰ መምህሩን ድርሻ በኮባ ቅጠል አድርጌ፣ የሰፈሩ ሰው ማንጆዎቹን ሲያበላ እንደኖረው፣ ደጅ አስቀመጥኩለት። ከዚያ በሩን ዘጋሁ።

ጋሼ፣ ለማን እንደተዘጋ አሁን ይጠይቁኝ።