ቀረጻው የተቋረጠበት ከሰዓት

የፊልም ሰዎቹ ወደ ጋይንት የመጡት በተኩሱ የተነሣ መንገዱ አንዴ ተከፍቶ አንዴ በሚዘጋበት ሰሞን ነው። ያኔ ንፋስ መውጫ መናኸሪያው አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ጸጉር እሠራ ነበር። ዳይሬክተሩ አንድ ጠዋት ገብቶ «የጥንት እመቤቶች ይሠሩት የነበረውን ሹሩባ ትችያለሽ?» ሲለኝ፣ እችላለሁ አልኩት።

ለእናቴ ስነግራት ደነገጠች። «በዚህ ጊዜ ከማይታወቅ ሰው ጋር ገጠር መውረድ ምን የሚሉት ነው? እነሱ ነገ ይሄዳሉ። አንቺ ግን እዚሁ ነሽ፤ ማን ጋር ዋልሽ ሲሉሽ ምን ትያለሽ?»

ያም ሆኖ የሄድኩት በትልቋ ተዋናይት ምክንያት ነው። ልጅ ሳለሁ ጎረቤት ቤት ተሰብስበን በቴሌቪዥን የምናያቸው ሴት ነበሩ። እሳቸው ሲያለቅሱ ሰፈሩ ሁሉ ያለቅስ ነበር። ከእኚህ ሴት ጸጉር ላይ እጄን አሳርፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቀረጻው የሚካሄደው ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ስማዳ በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ዳር፣ ሰው በለቀቀው አሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነበር። ታሪኩ የመሳፍንቱ ዘመን ነው። ባሏ የሞተባትን አንዲት ባላባት፣ ርስቷን ሊቀማ የመጣ ጦር ቤቷ ውስጥ ይከባታል። አብራት ያለችው ምራቷ ብቻ ናት። ባላባቷን ትልቋ፣ ምራቷን ደግሞ አንዲት ወጣት ይጫወታሉ።

ትልቋ ጸጉራቸውን ስሠራቸው ወሬ ይወዱ ነበር። መድረክ ላይ የወጡት በልጅነታቸው፣ አንድም ቃል የማይናገር ገረድ ሆነው ነው። ትሪ ይዞ መግባት፣ ትሪ ይዞ መውጣት። ከዚያ ሙሽራ ሆኑ፣ ከዚያ እናት። «ዕድሜ ሲመጣ አልጋ ላይ ተኝታ የምትሞት እናት ብቻ ነው የሚሰጡሽ» አሉኝ። «ስንት ጊዜ እንደሞትኩ እንጃ። ይቺ ሴትዮ ግን አትሞትም። ለዚህ ነው እምቢ ሳልል የመጣሁት።»

ወጣቷ ትያትር ቤት ገብታ አታውቅም። ሰው የሚያውቃት በስልክ በምትለቃቸው አጫጭር የቀልድ ቪዲዮዎች ነው። ካሜራው ሲበራ ቃሏ ይጠፋባታል። ትልቋ ይቆጧታል። «ስምሽን ሰው ስላወቀው ተዋናይ አትሆኚም!» ይሏታል። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ከቤቱ ጀርባ ትሄድና ብቻዋን ታጉረመርማለች። እኔ የምትሳደብ ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ተለወጠ። ኔትወርክ ጠፋ። በመንገዱ የሚያልፈው መኪና ሳሳ። ሁልጊዜ እርጎ የምታመጣልን ሴትዮ ሳትመጣ ቀረች፤ መንገድ ላይ ሳገኛት ፊቷን አዞረችብኝ። በገበያው ቀን አንድ የማላውቀው ሰው ተጠግቶ «ያ ሁሉ መሣሪያ የማን ነው?» አለኝ። ለፊልሙ ከእንጨት የተሠራ ነፍጥ መሆኑን ነገርኩት። አየኝና ሄደ።

ለዳይሬክተሩ ብነግረው «ለቀበሌው አሳውቀናል፤ የቀረን የከበባው ትዕይንት ብቻ ነው» አለ። ትልቋም «ጨርሰን እንሂድ» አሉ። ማንም እንመለስ የሚል አልነበረም።

የከበባው ቀን የጦሩን ሰዎች የሚጫወቱት ፈረሰኞች ጋሻና የእንጨት ነፍጥ ይዘው ገብሱ በታጨደበት ማሳ ላይ ተሰለፉ። ለተኩሱ ድምፅ ርችት ተዘጋጅቷል። ዳይሬክተሩ እጁን ሲያወርድ ርችቱ ጧ ጧ አለ፣ ፈረሶቹ ተነሡ፣ ጭስ ሆነ። ርችቱ ካለቀ በኋላ ከወዲያኛው ሸንተረር ሌላ ድምፅ መጣ። ያ ርችት አልነበረም። ከቤቱ ግድግዳ ላይ ድንጋይ ተፈንጥሮ ከፊቴ ወደቀ።

መሬት ላይ መቼ እንደተኛሁ አላውቅም። ጥርሴ ይንገጫገጫል፤ ድምፁን ይሰሙብኛል ብዬ ነጠላዬን ነከስኩት። ፈረሰኞቹ ወርደው እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተዋል። «ፊልም ነው! ፊልም ነው!» እያለ የሚጮኸው ዳይሬክተሩ ነበር።

የታጠቁት ሰዎች በገደሉ በኩል መጡ። የማን ወገን እንደሆኑ ያኔም አልጠየቅኩም፣ ዛሬም አልናገርም። መሪያቸው ጎልማሳ ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ይመስላል። አንዱ ተከታዩ የእንጨቱን ነፍጥ አንስቶ መዘነና ስቆ ወረወረው። መሪው ግን አልሳቀም።

«ማን ነው የላካችሁ?» አለ።

«የታሪክ ፊልም ነው የምንሠራው፣ ጌታዬ» አለ ዳይሬክተሩ።

«ካሜራ ይዞ አገር የሚሰልል ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ? ያገሩ ሰው ነሽ። አንቺ ነሽ የምትመሪያቸው?»

ያን ጊዜ የእናቴ ፊት ታየኝ።

ትልቋ ናቸው መሃል የገቡት። ካባቸውን እንደለበሱ፣ «ልጄ፣ እሷ ጸጉር ሠሪ ናት። እኔ ተዋናይ ነኝ፤ አታውቀኝም?» አሉት።

«አላውቅዎትም፣ እናቴ» አለ። አክብሮቱ ይበልጥ አስፈራኝ። «ተዋናይ ከሆኑ ይጫወቱ። እዚሁ። ውሸት ከሆነ ያስታውቃል።»

ትልቋ በሩ ደፍ ላይ ቆሙ። እጃቸውን እንደ ባላባቷ አነሡ። ጠበቅን። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሕዝብ ፊት የቆሙት ሴት ዓይናቸው ከመሪው ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ተተክሎ ቀረ። አንዴ ሞከሩ፣ ደገሙ።

«በቃ፣ ገባኝ» አለ መሪው፤ ጠመንጃውንም ከትከሻው አውርዶ ወደ እኛ አዞረ።

ያን ጊዜ ወጣቷ ከግድግዳው ሥር ተነሣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ከትልቋ እግር ሥር ተንበረከከችና በራሷ ድምፅ ሳይሆን በትልቋ ድምፅ ጀመረች፦ «ምራቴ፣ በጓሮ በኩል ውጪ። እኔን ፈልገው ነው የመጡት።» ከዚያ በራሷ ድምፅ መለሰች፦ «እመቤቴ፣ እርስዎን ትቼ ወዴት እሄዳለሁ? ማንስ በሩን ይከፍትልኛል?» የትልቋን ቃል ትላለች፣ የራሷን ትመልሳለች። አንድም አልዘለለችም። ከቤቱ ጀርባ ስታጉረመርም የከረመችው የሁለቱንም ቃል ስታጠና ኖሯል። እንባዋ እየወረደ ነበር፤ የምራቷ ይሁን የራሷ እኔ አልለየሁም።

መሪው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እስክትጨርስ ሰማት።

«ከዚያስ? ይገቡባቸዋል?» አላት።

«እሱን ገና አልቀረጽነውም» አለችው።

አፈሙዙን ወደ መሬት አደረገ። ስልኮቻችንን በሙሉ አሰበሰበና «ፀሐይ ሳትጠልቅ ከዚህ ጥፉ። ይህን የጦር ልብስ ደግሞ አውልቁ፤ ሌላ ሰው ካየው እንደ እኔ አይጠይቅም» አለን።

ካባውንም ጋሻውንም እዚያው ጥለን ሄድን። ትልቋ በውስጥ ቀሚስ ሆነው፣ ነጠላዬን ደርቤላቸው፣ መኪናው ውስጥ እጄን ይዘውኛል። እያንዳንዱ ኩርባ ላይ አጥብቀው ይጨብጡኛል። ንፋስ መውጫ እስክንገባ አልለቀቁኝም። መንገዱ ሲከፈት ሁሉም በደብረ ታቦር በኩል ወጡ።

እኔ ግን ቀረሁ። እናቴ ያለችው ደረሰ፤ ሰዎች ሱቄ ድረስ መጥተው ከማን ጋር እንደዋልኩ፣ ማን ምን እንዳለ ጠየቁኝ። ከሄዱ በኋላ ሌሎች መጥተው ያንኑ ጠየቁኝ። ለሁለቱም አላየሁም አልኩ። ሱቁን ዘግቼ እስቴ መካነ ኢየሱስ አክስቴ ዘንድ ከረምኩ። እዚያም ሞተር ብስክሌት በበሩ ባለፈ ቁጥር ጓዳ እገባ ነበር።

ፊልሙ በሌላ አገር፣ በሌላ ቤት አለቀ። ባላባቷን ሌላ ሴት ተጫወተቻት። ወጣቷ በእሱ ታወቀች፤ አሁን ተከታታይ ድራማ ላይ ዋናዋ እሷ ናት፤ ቀልዱን ትታዋለች። ትልቋ ከዚያ ወዲህ አልተወኑም። ልጅቷ እሑድ እሑድ ቤታቸው እየሄደች ቃል ታጠናለች፤ ለእሷ ሲያሳዩ አንድም አይሳሳቱም ይባላል። ሦስተኛ ሰው ሲገባ ግን ዝም ይላሉ።

ባለፈው ፋሲካ ወጣቷ ደውላ ከትልቋ ጋር አገናኘችኝ። ጾሙን በሰላም መፍታቴን፣ የእናቴን ጤና ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«በሩን ቆልፈሽ ነው የተቀመጥሽው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ» አልኳቸው። ሰዓቱ ገና እኩለ ቀን ነበር።

«እኔም» አሉ።