የሙሂዲን መሞከሪያ ካሴት

ሙሂዲን ሞጣ ላይ ሬዲዮና ቴፕ መጠገን ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ድሮ የጠገነውን ቴፕ ሁሉ የሚሞክረው በአንድ የቀልድ ካሴት ነበር፤ ዘመኑ የፍላሽ ሲሆን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ረሳው። ባለፈው ሳምንት አንድ መምህር አሮጌ ቴፕ ሲያመጣለት ጊዜ ካሴቱን ፈልጎ አገኘው፤ አቧራውን ጠርጎ ከፈተው።

ቀልደኛው የልጅነቱን ያወራል። ግርፊያ ፈርቶ ባዶ ጎተራ ውስጥ ሲደበቅ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሞቷል ተብሎ ሲለቀስ ገለባ ለብሶ ብቅ ይላል፤ ለቀስተኛው እግሬ አውጪኝ ይላል።

ምሳ ያመጣችለት ልጁ ሀኒያ ሳህኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«አባ፣ ይሄ እኮ ያንተ ታሪክ ነው! ስንቴ ነግረኸናል!»

ሙሂዲን ግራ ገባው። ገለባው እንኳ አሁንም አንገቱን የሚበላው ይመስለዋል። ቢቸና ላለችው ታላቅ እህቱ ለኸይራት ደወለ።

«የምን ጎተራ?» ብላ ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ እኛ የጨው ነጋዴ ልጆች ጎተራ ከየት አምጥተን? ይልቅ ሱቅ ውስጥ ከጨው ጆንያ ጀርባ ተኝተህ ስንፈልግህ ውለናል። ያገኘችህ እማ ናት፤ አልመታችህም፣ አቅፋህ አለቀሰች እንጂ።»

ይህን ጭራሽ አያስታውሰውም። ያልሆነው ቁልጭ ብሎ ይታየዋል፣ የሆነው የለም።

ቴፑን አጠፋና ሀኒያም እንድትሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

«እታለም፣ እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ጆንያው በየት በኩል ነበር?»